አንድ በመቶ የሚበልጥ እንጨት

በካፋ ዞን የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን ፑሊ ሲሰነጠቅ፣ ተንኮለኛ ይመስል፣ ለቀማው የደመቀበትን ሰሞን መርጦ ነው። ቀይ እሸት ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም፤ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ መቡካት ይጀምራል። ስለዚህ ስባሪው በጆንያ ተጠቅልሎ ከቦንጋ በጅማ በኩል ወደ 450 ኪሎ ሜትር ይጓዝና አዲስ አበባ፣ ብረት አቅልጠው ከሚያፈሱ ባለሙያዎች ዘንድ ይደርሳል። ትእዛዙ አጭር ነው፦ «ልክ እንደዚህ አውጡልኝ።»

ችግሩ ያለው «ልክ እንደዚህ» ላይ ነው።

ፑሊው ጊዛ (በማፍሰስ የሚሠራ ብረት) ነው። ጊዛን ቀጥቃጭ አግሎ በመዶሻ ቅርጽ ሊያስይዘው አይችልም፤ ይሰነጠቃል። ሲበየድም አስቸጋሪ ነው። ይህ ጠባዩ የመጣው በውስጡ ካለው ከ3 እስከ 4 በመቶ የሚሆን ካርቦን ነው። ካርቦኑ ግን ውለታም አለው፦ ንጹሕ ብረት 1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ አይቀልጥም፣ ጊዛ ግን 1150 ገደማ ላይ መፍሰስ ይጀምራል። ስለዚህ በመቅለጥ ይሠራል። እርጥበትና ሸክላ አፈር ያለው አሸዋ በፍሬም ውስጥ፣ ከእንጨት በተሠራ ሞዴል ዙሪያ ይጠቀጠቃል። ፍሬሙ ለሁለት ይከፈትና ሞዴሉ ይወጣል፤ ተመልሶ ሲገጠም ባዶው ቦታ በቀለጠ ብረት ይሞላል። ልብስ ሰፊ ጎረቤት ካላችሁ የሲንገሩን የብረት እግር ጠርዝ በጣታችሁ ዳብሱት፤ አንዳንዴ የምታገኟት ቀጭን መስመር ሁለቱ የአሸዋ ግማሾች የተገጣጠሙባት ናት።

ሞዴል የዕቃው ቅጂ ይመስላል። አይደለም። ሆን ተብሎ የተሳሳተ ዕቃ ነው፤ የሞዴል ሠሪው ጥበብም የትኛውን ስሕተት በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሳሳት ማወቅ ነው።

ዋናው ስሕተት መጠኑ ነው። ጊዛ ረግቶ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ወደ 1 በመቶ ይኮማተራል፤ አሉሚኒየም 1.3፣ አረብ ብረት 2 በመቶ ገደማ። 300 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን አሮጌ ፑሊ ራሱን ሞዴል አድርጎ አሸዋ ውስጥ የጠቀጠቀ ሰው የሚያገኘው 297 ነው። አብዛኛው ሰው የማይጠብቀው ደግሞ መሐል ያለው ቀዳዳም አብሮ መጥበቡ ነው፤ ብረቱ ሲኮማተር ቀዳዳው የሚሰፋ ይመስለናል። ስለዚህ ሞዴሉ 303 መሆን አለበት። በዚያ ላይ ቶርኖ የሚበላው አለ፦ ከአሸዋ የወጣ ገጽ ሻካራ ስለሆነ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይተውለታል፤ 309። ቶርኖ መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልምና እዚህ ላይ መሰሰት አያዋጣም። ጊዜ ያጠረው ሰው አሮጌውን ፑሊ እስቱኮ ለብጦ ያወፍርና ያንን ሞዴል ያደርገዋል። ይሠራል፤ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ እኩል ከሆነ።

ሌላው ስሕተት ዘንበል ያለ ግድግዳ ነው። ሲኒ እርጥብ አፈር ላይ ተጭናችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አንሡ፤ ታቹ ጠባብ ስለሆነ ጉድጓዱ ሳይፈርስ ይቀራል። ጎኑ ቀጥ ባለ ብርጭቆ ሞክሩት፣ ጠርዙን ይዞት ይወጣል። የሞዴሉም ጎኖች እንደ ሲኒው ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ያዘነብላሉ፤ ደንበኛው አያያቸውም፣ አሸዋው ግን ያውቃቸዋል።

ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳስ? ሞዴሉ ላይ ቀዳዳ የለም። እንዲያውም በቀዳዳው ፈንታ በሁለቱም ጎን ጉብ ያለ እንጨት አለ። ጉቡ አሸዋው ላይ መቀመጫ ይተዋል፤ በመቀመጫው ላይ ለብቻው ተሠርቶ የደረቀ የአሸዋ ዱላ ይጋደማል፣ የቀለጠው ብረትም ዱላውን ከቦ ይረጋል። የዱላውን አሸዋ ለማጣበቅ ከሚያገለግሉት አንዱ ሞላሰስ ነው።

እንጨቱ ላይ ካፋ ራሷ ባለሙያ ናት፤ ቡናው ጥላ ሥር ከሚያድግባቸው ዛፎች አንዱ ዋንዛ ነው፣ ለመላጊያ የማያስቸግር። (ከተፈጥሮ ደን መቁረጡን ግን ሕግ ይከለክላል፤ ጓሮ የበቀለውን ነው የምላችሁ።) የእንጨት ጠባይ ክፉው በእርጥበት ማበጡና በድርቀት መኮማተሩ ነው፤ ያውም በጭረቱ አቅጣጫ ከምንም ሳይቆጠር፣ ከጎን ወደ ጎን በብዙ እጥፍ። ከአንድ ጣውላ የተቆረጠ ክብ በካፋ ዝናብ ተሠርቶ አዲስ አበባ በጋ ላይ ቢደርስ ሞላላ ሆኖ ይገኛል። ለዚህ ነው ክብ ሞዴል ከብዙ ትናንሽ ቁራጮች፣ የላዩ ንብርብር የታችኛውን መጋጠሚያ እንዲሸፍን ሆኖ በኮላ የሚገጣጠመው። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ የአሸዋው እርጥበት እንዳይገባው ቫርኒሽ።

ካፋ ሌላም የሞዴል ዕቃ አላት፦ የጫካ ማር ሲጣራ የሚቀረው ሰም። የነሐስ መስቀል የሚያፈስ ሠራተኛ መስቀሉን በሰም ይቀርጻል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሲያግለው 63 ዲግሪ ገደማ ላይ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ነሐሱ ቦታውን ይይዛል። (ቅኔውን ለባለቅኔዎቹ ልተው።) የሰም ሞዴል ጠማማ ጥልፉንም ሆነ ቀዳዳውን ለማውጣት ዘንበል ማለት አያስፈልገውም፤ በአንጻሩ ለአንድ መስቀል አንዴ ብቻ ያገለግላል። የእንጨቱ ግን ተጠብቆ ከተያዘ ደጋግሞ ያወጣል።

የገንዘቡም ነገር ያለው እዚሁ ነው። ለአንድ ፑሊ ሲባል የተሠራ ሞዴል ከሚፈሰው ብረት በላይ ሊያስወጣ ይችላል። በየቡና መፈልፈያ ጣቢያው ተመሳሳይ ማሽን ካለ ግን አንድ ሞዴል ለሁሉም ይበቃል። እኔ ብሆን ቦንጋ ያለው የካፋ ጫካ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ሞዴሎቹን በመደርደሪያ ቢይዛቸው፣ በላያቸውም የማሽኑን ዓይነትና የታሰበውን ብረት ቢጽፍባቸው እላለሁ፤ ለጊዛ የተለካ ሞዴል ለአረብ ብረት አይሆንምና። ደንበኛውም ፑሊውን ሲረከብ ሞዴሉንም ይጠይቅ፣ ከፍሎበታል።

ብዙ ፑሊ የሚፈለግ ከሆነ እንጨቱም ያልቃል፤ ያኔ ከእንጨቱ የአሉሚኒየም ሞዴል ይፈስሳል፣ ከአሉሚኒየሙ ደግሞ ጊዛው። ሁለት ጊዜ መኮማተር ማለት ነው። ለ300 ሚሊ ሜትር ፑሊ የመጀመሪያው የዋንዛ ሞዴል ወደ 307 ይሆናል፣ ቶርኖ የሚበላውን ሳንጨምር።