እንግሊዝኛ ለጃፓናውያን ለምን ይከብዳቸዋል?

የልጁን የእንግሊዝኛ ደብተር ገልጦ በቀይ ቀለም የተሰረዘውን ዓረፍተ ነገር ሲያይ «ይህ ልጅ ትምህርት አይገባውም» ብሎ የሚቆጣ ወላጅ ጥቂት አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ አንብባ የምትረዳ፣ በቃል መልሽ ስትባል ግን ላብ የሚያጠምቃት ሠራተኛ ትገኛለች። ለመሆኑ እንዲህ ያለው ችግር የስንፍና ውጤት ነውን? የጃፓናውያን ተሞክሮ ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ ይሰጣል።

ጃፓን በኢንዱስትሪዋም ሆነ በትምህርቷ ወደ ኋላ የቀረች አገር አይደለችም። ተማሪዎቿ በመለስተኛና በከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጠቅላላው 6 ዓመት እንግሊዝኛ ይማራሉ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በ5ኛና በ6ኛ ክፍል የውጭ ቋንቋ ልምምድ ግዴታ ሆነ። ከ2020 ወዲህም ልምምዱ ወደ 3ኛ ክፍል ወርዶ፣ በ5ኛና በ6ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኗል። ይህም ሁሉ ሆኖ «አነባለሁ እንጂ አልናገርም» የሚሉ ጃፓናውያን ብዙ ናቸው። ለዚህ አንዱ ትልቅ ምክንያት አፍ የፈቱበት ቋንቋ ከእንግሊዝኛ እጅግ የራቀ መሆኑ ነው።

ከጅራት ወደ ራስ

ጃፓንኛና አማርኛ ዝምድና የላቸውም። ይሁን እንጂ ሁለቱም ግሥን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያስቀምጣሉ። እኛ «ጠረጴዛ ላይ ያለ መጽሐፍ» የምንለውን ጃፓናውያን «ጹኩኤ ኖ ኡኤ ኒ አሩ ሆን» ይሉታል። «ጹኩኤ» ጠረጴዛ፣ «ኡኤ» ላይ፣ «አሩ» ያለ፣ «ሆን» ደግሞ መጽሐፍ ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ ከእኛው ጋር አንድ መሆኑን ልብ ይሏል። እንግሊዝኛ ግን መጽሐፉን አስቀድሞ «ዘ ቡክ ኦን ዘ ቴብል» ይላል። ስለዚህ ተማሪው ያሰበውን ከጅራቱ ወደ ራሱ ገልብጦ መናገር ይኖርበታል። በጽሑፍ ጊዜ ስለሚያገኝ ይሳካለታል፤ በንግግር ጊዜ ግን ገልብጦ ሳይጨርስ ወሬው ያልፈዋል።

ሌላው ችግር «ኤ» እና «ዘ» የተባሉት ትንንሽ ቃላት ናቸው። በጃፓንኛ አቻ የላቸውም። «ሆን» አንድ መጽሐፍም፣ ብዙ መጻሕፍትም ሊሆን ይችላል። ግሡም ከባለቤቱ ጋር አይለዋወጥም። «ታቤሩ» የሚለው አንድ ቃል እበላለሁ፣ ትበያለሽ፣ ይበላል፣ ይበላሉ ለሚሉት ሁሉ ያገለግላል። በመሆኑም ጃፓናዊቷ ተማሪ «ሺ ኢትስ» ማለት ሲገባት «ሺ ኢት» ብትል ቸልተኛ ስለሆነች አይደለም። ቋንቋዋ እንዲህ ያለውን ነገር ጠይቋት አያውቅም።

አዎንታና አሉታም ያደናግራሉ። «አትሄጂም?» ተብላ የተጠየቀች ጃፓናዊት የማትሄድ ከሆነ «ሃይ» ማለትም «አዎ» ትላለች፤ «ልክ ነው፣ አልሄድም» ማለቷ ነው። እኛም «አዎ፣ አልሄድም» እንላለን። በእንግሊዝኛ ግን መልሱ «ኖ» ነው። «የስ» ያለች እንደሆነ የውጭ አገር የሥራ ባልደረባዋ ትሄዳለች ብሎ ሊጠብቃት ይችላል።

ሩዝና ቅማል

ጃፓንኛ «ረ»ን ከ«ለ» አይለይም፤ ለሁለቱም የሚያገለግለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ሩዝ ማለት የሆነው «ራይስ» እና ቅማል ማለት የሆነው «ላይስ» ለጃፓናዊ ጆሮ አንድ ይሆኑበታል። ተነባቢዎችም ተደራርበው እምብዛም ስለማይነገሩ በየመካከላቸው አናባቢ ይገባል። «ሚልክ» «ሚሩኩ»፣ «ክሪስማስ» ደግሞ «ኩሪሱማሱ» ይሆናል።

ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ6 እስከ 8 ወር የሆናቸው የጃፓንና የአሜሪካ ሕፃናት ሁለቱን ድምፆች በተመሳሳይ ደረጃ እንደሚለዩ ታይቷል። ከ10 እስከ 12 ወር ሲደርሱ ግን የአሜሪካኖቹ ችሎታ ሲጨምር የጃፓኖቹ ይቀንሳል። ሕፃኑ ገና ሳይናገር ጆሮው የእናቱን ቋንቋ እየመረጠ ነው ማለት ነው። ይህ ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ሌላ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ጃፓናውያን ጎልማሶች በልዩ ልዩ ሰዎች ድምፅ የተቀዱ ቃላትን ለ3 ሳምንታት ያህል እያዳመጡ ሲለማመዱ የመለየት ችሎታቸው ተሻሽሏል።

የተዋሱት ቃል ሲያሳስት

ጃፓንኛ ከውጭ ቋንቋዎች እጅግ ብዙ ቃላት ተውሷል። እነዚህ ቃላት ለተማሪው ስንቅ ይሆኑታል፤ አንዳንዶቹ ግን ያሳስቱታል። በእንግሊዝኛ «ማንሽን» የባለጸጋ ትልቅ መኖሪያ ሲሆን፣ በጃፓን «ማንሾን» አፓርትማ ነው። «ስማርት» ለእንግሊዙ ብልህ፣ «ሱማቶ» ለጃፓኑ ሸንቃጣ ማለት ነው። ዳቦን «ፓን» የሚሉት ከፖርቱጋልኛ በተወሰደ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪውን «ፓን» ብለው ቢጠይቁት ግን መጥበሻ ያቀብላቸዋል። በእኛም ዘንድ ፖስታ የምንለው የደብዳቤ ማሸጊያ በእንግሊዝኛ «ፖስት» ሳይሆን «ኤንቨሎፕ» ነው።

ሁለት አርአያዎች

ሕፃኗ ጹዳ ኡሜኮ እ.ኤ.አ. በ1871 መንግሥት ወደ አሜሪካ ከላካቸው አምስት ልጃገረዶች በዕድሜ ታናሿ ነበረች። በዚያን ጊዜ ገና የ6 ዓመት ልጅ ነች። በ1882 በ17 ዓመቷ ስትመለስ ጃፓንኛዋን ረስታ ከገዛ እናቷ ጋር መነጋገር ተቸገረች፤ የአገሯንም ቋንቋ እንደ ባዕድ ቋንቋ እንደገና መማር ግድ ሆነባት። ወይዘሪት ጹዳ በኋላ፣ በ1900 ሴቶች እንግሊዝኛ ተምረውና አስተማሪ ሆነው በሙያቸው ራሳቸውን እንዲችሉ በ10 ተማሪዎች በቶኪዮ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ምስላቸውም ከ2024 ጀምሮ በ5,000 የን ኖት ላይ ይታያል።

ሁለተኛው አቶ ሂራካዋ ታዳይቺ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1946 በኤን ኤች ኬ ሬዲዮ «ካም ካም ኢንግሊሽ» የተባለ የ15 ደቂቃ ትምህርት ጀመሩ። ጦርነቱ ባደቀቃት አገር እናቶችና ልጆች ሬዲዮ ከበው ይከታተሉት ነበር። ትምህርቱ ያተኮረው በቤት ውስጥ በሚነገር የዕለት ተዕለት ንግግር ላይ ነው። አቶ ሂራካዋ ሕፃን የእናቱን አፍ እያየ እንደሚኮርጅ ሁሉ፣ ተማሪውም የሰማውን ሳያፍር ደጋግሞ እንዲል ያበረታቱ ነበር።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ከዚህ ሁሉ ለቤታችን የሚሆን ቁም ነገር አለ። ልጁ ሲሳሳት ከመቆጣት በፊት «በአማርኛ ምን ልትል አስበህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። ስህተቱ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይገኛል። ቃልን ለብቻው ከማስጠናት ከነጓደኞቹ በአጭር ዓረፍተ ነገር ማስያዝ ይሻላል። እንግሊዝኛ የማትችል እናትም ልጇ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብላት ብታዳምጥ ትልቅ እርዳታ ነው። እንግሊዝኛ ይልመድ ተብሎ አማርኛን ከቤት ማስወጣት ግን አይገባም፤ የወይዘሪት ጹዳ ታሪክ እንደሚያሳየው፣ የማይነገር ቋንቋ የእናት ቋንቋ ቢሆንም ይረሳል።

ሠራተኛዋም ብትሆን ጊዜው አልፎብኛል ማለት የለባትም። ማታ ወጥ እስኪበስል ባለው 15 ደቂቃ አምስት ዓረፍተ ነገር ጮክ ብላ ብትለማመድ፣ በማግሥቱ አንዱን በሥራ ቦታዋ ልትጠቀምበት ትችላለች። የሚሳሳተውን ባልደረባ መሳቂያ ማድረግ አፉን ያስይዘዋል፤ አፉን የያዘ ተማሪ ደግሞ መናገር አይለምድም።