ሆድ ሳይከፈት

እሑድ እሑድ ቤይሩት ዳር ዳውራ ላይ የሚገናኙ የቤት ሠራተኛ እህቶቻችን የማዮማ፣ ማለትም የማሕፀን እጢ፣ ነገር ሲነሳ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ደም እየፈሰሳት፣ ሆዷ እየተነፋ፣ ከሰው ቤት ሥራዋ ሳትቀር ዓመት የምትገፋ አለች። ከኦፕራሲዮኑ ይልቅ የሚያስጨንቃት ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። የት ትተኛለች? ማንስ ያስታምማታል?

ሌላ መንገድ እንዳለ ሊነገራት ይገባል። ቤይሩት ሐምራ ያለው የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ሆነ አሽራፊዬ ያለው ኦቴል ዲዩ ኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂ የሚባል ሕክምና ይሰጣሉ። በዚህ ሕክምና ሆድ አይከፈትም፤ ሐኪሙ የሚገባው በደም ስር ነው።

ብሽሽት ወይም የእጅ አንጓ ይደነዝዛል። በመርፌ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ ይገባል፤ ሽቦውን ተከትሎ እንደ ፓስታ የቀጠነ ቱቦ ይንሸራተታል። ቀለም ሲረጭ የደም ስሮቹ ኤክስሬዩ ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ፍንትው ይላሉ። ሐኪሙ ማዮማውን የሚመግቡትን ቅርንጫፎች ፈልጎ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሱ እንክብሎች ይለቅባቸዋል። ደም የተቋረጠበት እጢ በወራት ውስጥ እየኮሰመነ ይሄዳል። ፈረንሳዊው ዣክ ራቪናና ባልደረቦቹ ይህን ለዓለም ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። የመጀመሪያው ቀን ቁርጠት ግን ብርቱ ነው፤ ማስታገሻ ይፈልጋል። ልጅ መውለድ የምታስብ ደግሞ አስቀድማ ትናገር፤ ለእሷ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ማዮማውን ብቻ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው።

የዚህ ሁሉ መነሻ አንዲት እምቢ ያሉ አሮጊት ናቸው። እ.ኤ.አ. ጥር 1964 ኦሪገን፣ ፖርትላንድ ከተማ የ82 ዓመቷ እናት የእግር ጣታቸው ሞቶ እግራቸው እንዲቆረጥ ተወሰነ። አሻፈረኝ አሉ። ቻርልስ ዶተር የተባለው ሐኪም የጠበበውን የጭናቸውን ደም ስር እየወፈሩ በሚሄዱ ቱቦዎች ከፈተላቸው። ከዚያ በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ ኖረው እስኪሞቱ ድረስ በገዛ እግራቸው ሄዱ። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የሚገርመኝ ከሐኪሙ ብልሃት ይልቅ የእሳቸው ጽናት ነው።

ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትተኩስ፣ ስትወለውል የዋለች ሴት እግር ላይ የሚያብጠው ደም ስርም በዚሁ ዘዴ ይታከማል። ከጉልበት አካባቢ የገባ የሌዘር ክር ደም ስሩን ከውስጥ አሙቆ ይዘጋዋል፤ ታካሚዋ የዚያኑ ቀን ተራምዳ ትወጣለች።

ሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣችው የቤት ሠራተኞች ውል አሠሪው የጤና ኢንሹራንስ እንዲገባ ያስገድዳል። ኢንሹራንሱ የትኛውን ሕክምና እንደሚሸፍን ግን ከቀጠሮ በፊት ይጠየቅ፤ አረብኛ የሚያነብላት ሰው ይዛ ብትሄድ ይሻላል።