በኢንተርኔት የሚሰጡ አገልግሎቶች ሲሻሻሉ ማመልከቻዎ ምን ይሆናል? ስለ ሥሪት ቁጥጥርና ስለ ክላውድ ማስተናገጃ የተሰጠ ማብራሪያ

አንድ ተገልጋይ ትናንት ጀምሮ ያቆየውን የማመልከቻ ቅጽ ዛሬ ሲከፍተው አዲስ ጥያቄ ተጨምሮበት፣ ወይም የሚያውቀው ቁልፍ ቦታውን ለውጦ ሊያገኘው ይችላል። እንዲህ ያለው ለውጥ በአብዛኛው የመተግበሪያው ኮድ መሻሻሉን ያመለክታል። ማሻሻያው በምን ሥርዓት ወደ አገልግሎት እንደሚገባ ማወቅ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም፤ ሥርዓቱ ሲጓደል የሚጉላላው ማመልከቻው የት እንደደረሰ የማያውቀው ተገልጋይ ነውና።

በቀድሞው አሠራር ባለሙያው ያስተካከለውን ፋይል ከራሱ ኮምፒውተር ገልብጦ በቀጥታ ሰርቨር ላይ ይጭን ነበር። አሠራሩ ፈጣን ይመስላል። ሆኖም ምን፣ በማን፣ መቼና ለምን እንደተለወጠ የሚናገር መዝገብ አይኖርም። ሁለት ባለሙያዎች በአንድ ፋይል ላይ ከሠሩም ኋላ የጫነው የፊተኛውን ሥራ ሳያውቀው ሊያጠፋው ይችላል።

ይህን ችግር ለመፍታት የሚያገለግለው የሥሪት ቁጥጥር ነው። በስፋት የሚሠራበት ጊት የተባለው ሶፍትዌር ሲሆን፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሊኑክስን ከርነል ልማት ለማስተዳደር የሠራው ነው። በጊት እያንዳንዱ ለውጥ ከሠራው ሰው ስም፣ ከቀኑና ከማብራሪያው ጋር ይመዘገባል፤ መለያም ይሰጠዋል። የመዝገብ ቤትን ሥራ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ፣ እዚህ ላይ ማንኛውም የቀድሞ ሥሪት እንደነበረ ተመልሶ ሊወጣ መቻሉ ነው።

ባለሙያው ለውጡን በተለየ ቅርንጫፍ ላይ ሠርቶ ያቀርባል፤ ሌላ ባለሙያ ይመረምረዋል፤ አውቶማቲክ ፍተሻም ይካሄድበታል። ካለፈ ወደ ዋናው ቅርንጫፍ ይቀላቀላል። መተግበሪያው የሚሠራባቸውን ሰርቨሮች በኪራይ የሚያቀርበው የክላውድ ማስተናገጃ ከዚሁ ቅርንጫፍ ጋር ሊያያዝ ስለሚችል፣ የጸደቀው ሥሪት በሁሉም ሰርቨሮች ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይጫናል።

ሰርቨሮችን አንድ በአንድ በእጅ ማዘመን ምን እንደሚያስከትል በአሜሪካው የአክሲዮን አገናኝ ድርጅት በናይት ካፒታል ላይ የደረሰው ያሳያል። ድርጅቱ አዲስ ኮድ በስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ሲገባው አንዱ ተረሳ። ሐምሌ 25 ቀን 2004 ዓ.ም. ገበያው ሲከፈት፣ በተረሳው ሰርቨር ላይ የቀረና ለዓመታት ሥራ ላይ ያልዋለ ኮድ ተቀስቅሶ ያልተፈለጉ የግዥና የሽያጭ ትእዛዞችን ማስተላለፍ ጀመረ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ደረሰ። ይበልጥ የሚያሳዝነው ሌላ ነው፤ ባለሙያዎቹ ችግሩን እናቆማለን ብለው አዲሱን ኮድ በትክክል ከተጫነባቸው ከሰባቱ ሰርቨሮች በማንሳታቸው ጥፋቱን አባባሱት።

እዚህ ላይ ተገልጋዩን በቀጥታ የሚመለከት ነጥብ አለ። ጊት የሚመዘግበው የመተግበሪያውን ኮድ እንጂ ተገልጋዩ ያስገባውን መረጃ አይደለም። ማመልከቻዎች የሚቀመጡት በመረጃ ቋት ውስጥ ነው። ስለዚህ ስሕተት ያለበት ሥሪት ጠዋት ተጭኖ ከሰዓት በኋላ ቢነሳ፣ ቅጹ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል፤ በመካከሉ የተመዘገበ የተሳሳተ መረጃ ግን በራሱ አይታረምም። የመረጃ ቋቱን ወደ ትናንት ምሽት መጠባበቂያ ቅጂ መመለስ ደግሞ የዛሬዎቹን ማመልከቻዎች በሙሉ ሊያሳጣ ይችላል፤ ቀነ ገደቡ ዛሬ ለሆነ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኮዱን መመለስ የደቂቃዎች ሥራ ሊሆን ይችላል፤ መረጃውን ማስተካከል ግን በየማመልከቻው መታየት አለበት።

የይለፍ ቃልና የተገልጋዮች ሰነድ ከኮዱ ጋር መቀመጥ የለባቸውም። መዝገቡ የቀድሞውን ሁሉ ስለሚይዝ፣ በስሕተት የገባ የይለፍ ቃል ከአሁኑ ፋይል ቢሰረዝም በታሪኩ ውስጥ ይቆያል። መፍትሔው የይለፍ ቃሉን ወዲያውኑ መለወጥ ነው።

ቅጽ በመሙላት ላይ ሳሉ ገጹ ቢለወጥ ወይም የስሕተት መልእክት ቢያሳይ፣ የማስገቢያ ቁልፉን ደጋግመው አይጫኑ፤ አንድ ማመልከቻ ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ ይችላል። በቅድሚያ የማመልከቻ ቁጥር ደርሶዎት እንደሆነ ያረጋግጡ። ቁጥሩን፣ የከፈሉበትን ደረሰኝና የገጹን ምስል ያስቀምጡ። ለአገልግሎት ሰጪው ሲያመለክቱም ችግሩ የታየበትን ቀንና ሰዓት ይግለጹ፤ ባለሙያው በዚያ ሰዓት የትኛው ሥሪት በሥራ ላይ እንደነበረ ከመዝገቡ ሊያገኝ የሚችለው በዚህ ነው።