የክላፋሙ ተሳፋሪ ማን ነው?

ለንደን ውስጥ በአስተርጓሚነት የምትሠሩ ወገኖች፣ ዳኛው «ዘ ማን ኦን ዘ ክላፋም ኦምኒበስ» ቢሉ ወደ በሩ አትዙሩ፤ የሚገባ ምስክር የለም። ክላፋም የደቡብ ለንደን ሰፈር ነው፣ ኦምኒበስም የአውቶቡስ የድሮ ስሙ። ሐረጉ ሊቅም ሞኝም ያልሆነ፣ ጥንቃቄው መጠነኛ የሆነ ተራ ሰው ማለት ነው። አባባሉ የሎርድ ቦወን ነው ይባላል፤ በ1903 እ.ኤ.አ. አንድ የቴአትር ሂስ ባስነሳው የስም ማጥፋት ክስ ውሳኔ ላይ ተጠቀሰና ጸና። የእኛም የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 2030፣ ጥፋትን የሚለካው በዚሁ ሰው ነው፤ አውቶቡስ ግን አላሳፈረውም። እኔ «ማንኛውም አስተዋይ ሰው» ብዬ እተረጉመዋለሁ። ቃል በቃል ከሄዳችሁ ደንበኛችሁ «ኧረ እኔ ክላፋም ደርሼ አላውቅም!» ብሎ ይምላል።