ወደ መርሳ የሚወርድ አይርሳ

ከጓደኞቻችን አንዱ ከወልድያ ወደ መርሳ ለመውረድ በተነሣ ቁጥር «ወደ መርሳ የሚወርድ አይርሳ» እያልን መቀለድ ልማዳችን ነበር። ደብተሩን የረሳ፣ ስንቁን የረሳ፣ የተላከበትን የረሳ ሁሉ በዚህች ቃል ይተረብ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ቀልዱ ወደ ቁም ነገር ተለወጠ።

አንድ የክፍል ጓደኛችን ለተግባር ልምምድ በሞተር ብስክሌት ወደ መርሳ ሲወርድ፣ ስሪንቃን አልፎ ጥቂት እንደ ሄደ ካቴናው ከጥርሱ ወልቆ ተቀረቀረ። የኋላው ጎማ ባንድ ጊዜ ቀጥ አለ፤ ሞተር ብስክሌቱ ተንሸራቶ ወደቀ፤ የጓደኛችንም እግር ተሰበረ። መንገዱ ደረቅ አስፋልት ነበር፤ ሰማዩ ብሩህ ነበር፤ ከፊቱም የመጣበት መኪና አልነበረም። እርሱ በአልጋ ላይ ሳለ እኛ ተፈተንን፤ እርሱም ወደ ኋላ ቀረ። ዛሬ ድኖ ከታናናሾቹ ጋር ይማራል።

ሞተር ብስክሌቱን ባየነው ጊዜ ካቴናው እንደ ላላ መቀነት ተንጠልጥሎ፣ የኋላው መዘውር ጥርሶችም እንደ መንጠቆ ሾለው አገኘናቸው። ካቴናውን ለመወጠር አንድ ቁልፍና ዐሥር ደቂቃ ይበቃ ነበር። ይልቁንም የሚያሳፍረን ሌላ ነገር አለ። ያ ካቴና ሳምንት ሙሉ በግቢው ውስጥ ሲንኳኳ ሁላችንም ሰምተነዋል፤ «ካቴናህ ላልቷል» ያለው ግን ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ይኸው ነው።

ነገሩ ለጥቂቶች ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ። ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ ተመርቀው ወደ ወረዳና ወደ ቀበሌ ይወጣሉ። የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛው፣ የትምህርት ተቆጣጣሪው ከሐብሩ ቆላ እስከ ዋድላ ደጋ የሚዞረው በሞተር ብስክሌት ነው። አያቶቻችን በቅሎ ሲጭኑ ልጓሙን፣ እርካቡንና ኮርቻውን ሳይመረምሩ፣ ኮቴዋንም ሳያነሡ አይነሡም ነበር። እኛ ግን ቁልፍ አዙረን እንሮጣለን። በቅሎ ስትታመም በአካሄዷ ትናገራለች፤ ብረትም ይናገራል፤ የሚያዳምጠው ካገኘ።

በመጀመሪያ አገራችንን እንመልከት። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ አንዱ ጉዞ ቁልቁለት፣ ሌላው ዳገት ይበዛበታል። በቻይና መንገድ ወደ ጋሸና የሚወጣ ደግሞ ወደ 3000 ሜትር ይደርሳል። ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠሩ የሚገባ ሰው በበጋ አቧራ፣ በበልግና በክረምት ጭቃ ይጠብቀዋል። እንግዲህ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ አቧራና ጭቃ እያንዳንዳቸው የሚጎዱት የራሳቸው ዕቃ አላቸው።

አንደኛ፤ ካቴና። ካቴና ሲበዛ ቢወጠር ኩሽኔታውን ይበላል፤ ሲበዛ ቢላላ ይወልቃል። ሞተር ብስክሌቱን በመካከለኛው ማቆሚያ አቁመን፣ ከታች በኩል የካቴናውን መካከል በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ብናንቀሳቅሰው፣ በብዙዎቹ ትናንሽ ሞተር ብስክሌቶች ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መጫወት ይገባዋል። ትክክለኛው ልክ በመመሪያው መጽሐፍ ተጽፏል። ካቴና በሁሉም ቦታ እኩል ስለማይላላ ጎማውን እያዞርን ብዙ ቦታ እንለካ፤ የምንይዘውም በጣም የተወጠረበትን ቦታ ልክ ነው። ስንወጥረው በግራና በቀኝ ያሉት ምልክቶች እኩል መሆን አለባቸው፤ አለዚያ ጎማው ጠማማ ይቆማል። መጋጠሚያው ቅንጥብ ያለው እንደ ሆነ የቅንጥቡ ድፍን ጫፍ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር። በየ500 ኪሎ ሜትሩና ከዝናብ በኋላ በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ ጠርገን፣ አድርቀን ዘይት እንቀባዋለን። ይህን ሁሉ የምናደርገው ሞተሩ ጠፍቶ ነው፤ ሞተሩ እየሠራ ካቴና የጠረገ ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል። የመዘውሩ ጥርስ ከሾለ ካቴናውን ብቻ መለወጥ ገንዘብ መጣል ነው፤ ያረጀው ጥርስ አዲሱን ካቴና ቶሎ ያስረጀዋልና ሦስቱም አብረው ይለወጡ።

ሁለተኛ፤ ፍሬን። ቁልቁለት ስንወርድ ፍሬን እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት ይለውጣል። ሳናቋርጥ ከያዝነው ሸራው ይግላል፤ የጋለ ሸራም የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ ያንን ቁልቁለት ሽቅብ ብንሄደው በምን ማርሽ እንወጣው ነበር ብለን፣ በዚያው ማርሽ መውረድ ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ ራሱ ይይዝልናል፤ ፍሬኑም ለክፉ ቀን ይቆጠባል። ቤንዚን ለመቆጠብ ሲሉ ሞተሩን አጥፍተው በፍሪ የሚወርዱ ጓደኞች አሉን። የሚያተርፉት ጥቂት ጠብታ ነው፤ የሚያጡት ግን ሞተሩ የሚሰጣቸውን ፍሬን ነው። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ያለው ሰው ደግሞ የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት እንደሚስብ ይወቅ። ውኃ የገባበት ዘይት ሲግል ይፈላና እጀታው ባዶ ይሆናል፤ ስለዚህ በየ2 ዓመቱ መለወጥ ይገባል።

ሦስተኛ፤ የአየር ማጣሪያ። አንድ ሞተር ቤንዚን ብቻ አይጠጣም፤ አየርም ይተነፍሳል። ከአየሩ ጋር የሚገባው ደቃቅ አሸዋ ከዘይት ጋር ተደባልቆ ሲሊንደሩንና የፒስቶኑን ፋሻ እንደ ሞረድ ይፍቃል። ከማርሚታው ሰማያዊ ጢስ የሚወጣ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ፋሻው አልቆ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ማጣሪያው የስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ውኃ ታጥቦ፣ ፈጽሞ ደርቆ፣ ጥቂት ዘይት ተቀብቶና ተጨምቆ ይመለሳል። የወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ አቧራው ይራገፋል፤ ሲያረጅ ይለወጣል። በሐብሩ የገጠር መንገድ ወር ሙሉ የዞረ ሰው መጽሐፉ ከሚያዘው ጊዜ ቀድሞ ያጽዳው። «አየር እንዲበዛለት» ብሎ ማጣሪያውን አውጥቶ የሚጥል ሰው ግን ሞተሩን በገዛ እጁ አሸዋ ያጎርሰዋል።

አራተኛ፤ የከፍታ ነገር። አየር ወደ ላይ በወጣን መጠን ይሳሳል። በወልድያ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ በ3000 ሜትር ደግሞ ሦስት ዐሥረኛ ያህል ያንሳል። ካርቡራቶር ግን የአየሩን መሳሳት በሚገባ አያውቅም፤ ቤንዚኑን በዚያው መጠን አይቀንስም። ስለዚህ ቆላ ላይ ደኅና የነበረ ሞተር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን በዝቶበት ይታፈናል፤ ጥቁር ጢስም ያወጣል። መርማሪው ካንዴላ ነው። ፈትተን ብናየው ጫፉ ወተት እንደ ነካው ቡና ከሆነ ደኅና ነው፤ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል ወይም ማጣሪያው ታፍኗል፤ ነጭ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን አንሶ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። ወደ ደጋ ስንወጣ ኃይል ቢያንሰን ሞተሩ ታመመ ብለን አንደንግጥ፤ ማርሽ ቀንሰን በትዕግሥት እንውጣ። በኤሌክትሪክ መርፌ ቤንዚን የሚረጩት አዳዲሶቹ ሞተሮች መጠኑን ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ ይህ ችግር እምብዛም የለባቸውም።

አምስተኛ፤ ዘይትና ቤንዚን። ዘይት የሚለካው ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ፣ ሞተር ብስክሌቱ በደልዳላ መሬት ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው። ትንሽ ሞተር የሚይዘው አንድ ሊትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ሩብ ሊትር መጉደሉ ቀላል ነገር አይደለም። በብዙዎቹ ሞተር ብስክሌቶች ፍሪሲዮኑ በዚያው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ለመኪና ተብለው ከሚሸጡት ዘይቶች አንዳንዶቹ ማሸራተቻ ስላለባቸው ፍሪሲዮኑን ያንሸራትቱታል፤ በቆርቆሮው ላይ «ጃሶ ኤም.ኤ.» የሚል ምልክት ያለበትን መግዛት ይሻላል። ቤንዚን ከማደያ ሲጠፋና በጠርሙስ ለመግዛት ስንገደድ፣ አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ጣል እናድርግ። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ የተደባለቀበት ግን የቅባት ምልክት ይተዋል። ስንቀዳም በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል አይጎዳም።

ስድስተኛ፤ ጎማ። ጎማ የሚለካው ከጉዞ በፊት፣ ሳይሞቅ ነው። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ላሉት ብዙዎቹ ሞተር ብስክሌቶች ከፊት 25፣ ከኋላ 28፣ ሰው ሲፈናጠጥ ከኋላ እስከ 32 ፒ.ኤስ.አይ. ይነፋል። ነፋሱ ያነሰ ጎማ ይግላል፤ በኩርባ ላይም ይዋልላል። ሲበዛ የተነፋ ደግሞ በጠጠር ላይ ይዘላል።

አሁን ወደ ተጨማሪ ዕቃዎች እንለፍ። ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ገንዘባችንን የምናወጣው በሚያብረቀርቅ ነገርና በሚጮህ ማርሚታ ላይ ነው። ማርሚታን መብሳት ሞተሩን ያስጮኸዋል እንጂ አያበረታውም። ትልቅ መብራት መጨመር የሚወድም ሒሳቡን አስቀድሞ ያድርግ። 55 ዋት መብራት በ12 ቮልት ባትሪ ላይ ከ4 ተኩል አምፔር በላይ ይስባል። የትንሽ ሞተር ብስክሌት ባትሪ 5 አምፔር ሰዓት ያህል ከሆነ፣ ሞተሩ ካልሞላው በቀር በአንድ ሰዓት ገደማ ባዶ ይቀራል።

የመጀመሪያው ገንዘብ ለራስ ቁር ይዋል። ቁሩ በራስ ላይ ጠበቅ የሚል፣ ማሰሪያውም የሚታሰር ይሁን። ባገጭ ሥር ያልታሰረ ቁር በወደቅን ጊዜ ከእኛ ቀድሞ ይሄዳል። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ቁር ውጪው ደኅና ቢመስልም ውስጡ ተጨፍልቋልና ይለወጥ። ለተፈናጣጩም ሌላ ቁር ያስፈልጋል፤ የእርሱ ራስ ከእኛ ራስ አያንስም።

ሁለተኛው ገንዘብ ለፖርቶ መጋላና ለጎን ቦርሳ ነው። ከባዱ ጭነት ከታችና ወደ መካከል፣ ቀላሉ ከላይ ይሁን፤ የግራና የቀኙም ይመጣጠን። ከኋላ ጫፍ ላይ ከፍ ብሎ የተቆለለ የማንጎ ከረጢት የፊቱን ጎማ ከመሬት ያቃልለዋል፤ ያን ጊዜ መሪው መታዘዝ ይቀንሳል። የገመዱም ጫፍ ተንጠልጥሎ ጎማው ውስጥ እንዳይገባ ይታሰር።

ሦስተኛው ገንዘብ ለመሣሪያ ከረጢት ነው፤ ቁልፎች፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ አንድ ካንዴላ፣ አንድ የካቴና መጋጠሚያ፣ ፊውዝ፣ የእጅ ፖምፓ፣ ካላማዳሪያ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ የጎማ ማውለቂያ ብረት፣ ጥቂት ሽቦ፣ የእጅ ባትሪ። በእርግጥ በመርሳም በወልድያም ጎሚስታ አለ። ጎማ የሚተነፍሰው ግን ሁልጊዜ በጎሚስታ ደጃፍ አይደለም። ቴድ ሳይመን የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1973 ከለንደን ተነሥቶ በ500 ሲሲ ትራያምፍ ሞተር ብስክሌት ዓለምን ሲዞር፣ በአገራችንም አልፎ አራት ዓመት ያህል ተጉዟል። ሞተር ብስክሌቱ በዛሬ ዐይን ሲታይ ተራ ነው፤ በየመንገዱ እየፈታ ማበጀቱ ግን ዓለምን አዞረው።

በመጨረሻም ከመነሣት በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ። አንዱን ሞተር ብስክሌታችንን፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ዘይት፣ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ እያልን በአምስት ደቂቃ ማየት። ሌላውን ሰዎችን፤ መንገዱ ክፍት ነው ወይ፣ ወንዙ ሞልቷል ወይ፣ በሞተር ብስክሌት መንቀሳቀስስ ተፈቅዷል ወይ ብሎ መጠየቅ። ጠይቆ መዋል ተጸጽቶ ከማደር ይሻላል።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ሙሉ የመሣሪያ ሣጥን ለአንድ ተማሪ ውድ ነው፤ ለሃያ ተማሪ ግን ቀላል ነው። ሣጥኑ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ቢቀመጥ፣ የነፋስ መለኪያና ፖምፓም ቢኖርበት፣ ቅዳሜ ጧት እየተሰበሰብን የሚያውቀው ለማያውቀው ሊያሳይ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ሣጥኑ እስኪገዛ ድረስ ግን ምንም ገንዘብ የማያስወጣ አንድ መሣሪያ በእጃችን አለ። በግቢው በር የሚያልፍ የጓደኛችን ካቴና ሲንኳኳ ብንሰማ ዝም አንበል። ቢቆጣም ይቆጣ፤ ቢስቅብንም ይሳቅ። «ወንድሜ፣ ቁም፤ ካቴናህ ላልቷል» እንበለው። ባለፈው ዓመት ይህን ቃል ሳንናገር ቀርተናልና፣ ዘንድሮ የምንረሳው አይደለም።