ከባሕር ማዶ በሚመጣ ጭነት ላይ የሚደረግ የዕፅዋት ኳራንቲን ፍተሻ

በጅቡቲ በኩል ገብቶ አቃቂ ቃሊቲ የደረሰ ኮንቴይነር ሲከፈት፣ በሰነድ ያልተመዘገበ እንግዳ ይዞ ሊገኝ ይችላል። የእሳት ራት ራሷ ብትታይም እንቁላሏ በኮንቴይነር ግድግዳ፣ በእንጨት ማሸጊያ ወይም በችግኝ ቅጠል ሥር ተጣብቆ ውቅያኖስ ያቋርጣል። ደን አጥፊዋ የእስያ የእሳት ራት በወደብ መብራት ተስባ መርከብ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። በዚህ ምክንያት አሜሪካና ካናዳ፣ ነፍሳቱ በሚበሩባቸው ወራት በጃፓን፣ በኮሪያ፣ በሰሜን ቻይናና በሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ ወደቦች የቆየ መርከብ ከእነዚህ ነጻ ስለመሆኑ ሰርተፊኬት እንዲያቀርብ ያስገድዳሉ።

ኢትዮጵያም ጉዳቱን ታውቀዋለች። የቲማቲም ተባይ የሆነው ቱታ አብሶሉታ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን፣ በ2012 ደግሞ አገራችን ደረሰ። በ2017 የአሜሪካ መጤ ተምች በበቆሎ ማሳ ላይ ተገኘ። ሁለቱም የእሳት ራት ዝርያዎች ናቸው፤ ከገቡ ወዲህም አርሶ አደሩ በየዓመቱ ይከላከላቸዋል እንጂ ጨርሶ ማጥፋት አልተቻለም። እርግጥ ተምቹ በነፋስ ታግዞ ረጅም ርቀት ስለሚበር ፍተሻ ብቻውን አያግደውም። በጭነት የሚመጣው ግን ሊያዝ የሚችል ነው።

ዘር፣ ችግኝ፣ እህል ወይም ሌላ የዕፅዋት ውጤት የሚያስመጣ ተገልጋይ ዕቃውን ከማስጫኑ በፊት ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የማስገቢያ ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። በፈቃዱ ላይ የሰፈሩት ሁኔታዎች ለላኪው መድረስ አለባቸው፤ የላኪው አገር የዕፅዋት ጤና መሥሪያ ቤት መርምሮ ሰርተፊኬት የሚሰጠው በእነርሱ መሠረት ነውና። ብዙውን ጊዜ ችግር የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ሰርተፊኬቱ የሚመሠረተው ከጉዞ በፊት በሚደረግ ምርመራ ላይ ስለሆነ፣ መርከቡ ከተነሣ በኋላ የጎደለውን ማሟላት እጅግ አዳጋች ይሆናል። መስፈርቱን ያላሟላ ወይም ተባይ የተገኘበት ጭነት እንደ ሁኔታው በመድኃኒት ሊታከም፣ ወደመጣበት ሊመለስ ወይም ሊወገድ ይችላል።

ማሽነሪና መለዋወጫ የሚያስመጡ ድርጅቶች ጉዳዩ እነርሱን የማይመለከት ሊመስላቸው ይችላል። ነገር ግን ዕቃው የተቀመጠበት የእንጨት ፓሌት ራሱ ተባይ ተሸካሚ ነው። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት እንጨቱ እስከ ውስጡ በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ መሞቅ ወይም በሌላ ተቀባይነት ባለው ዘዴ መታከም፣ የስንዴ ዛላ ምልክትና የአገር መለያ ኮድ ያለው ማኅተምም ሊኖረው ይገባል። አስመጪው ማኅተሙ የሚታይበትን ፎቶግራፍ ከጭነት በፊት ከላኪው ቢጠይቅ ይመረጣል።

ኮንቴይነር ሲራገፍ አባጨጓሬ፣ ሙሽሬ ወይም የእንቁላል ክምር ከታየ ጠርጎ ማውጣት አይገባም። በሩን መልሶ ዘግቶ ወዲያውኑ ለኳራንቲን ተቆጣጣሪው ማሳወቅ ያስፈልጋል።