የላም ካርድ ማን ይሰርቃል? የእንስሳት ክሊኒክ ስልክ ውስጥ ያለው መረጃችን

የእንስሳት ክሊኒክ ሀክ ተደረገ ሲባል ብዙ ሰው ይስቃል። ሌባ የውሻ ክትባት ካርድ ምን ያደርግለታል? ካርዱ ላይ ያለው ግን ውሻው ብቻ አይደለም። የባለቤቱ ስም፣ ስልክ ቁጥሩ፣ ሰፈሩ፣ ስንት ላም እንዳለው፣ የትኛዋ ለመውለድ እንደደረሰች፣ ስንት ብር ዱቤ እንዳለበት ሁሉ አለ። ይሄን የያዘ ሰው ማን ጋ ደውሎ ምን ብሎ ብር እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ውጭ አገር ነገሩ ቀልድ መሆኑ ካቆመ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ናሽናል ቬተርነሪ አሶሲየትስ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት በራንሰምዌር ተመታ፤ ከ700 ገደማ ክሊኒኮቹ ወደ 400 የሚሆኑት ተጎዱ። ራንሰምዌር ማለት ፋይላችሁን ቆልፎ "ክፈሉና ልክፈትላችሁ" የሚል ቫይረስ ነው። በሚያዝያ 2024 ደግሞ እንግሊዝ ያለው ሲቪኤስ ግሩፕ የሳይበር ጥቃት ደርሶበት ሲስተሙን ለጊዜው ለማቆም ተገዷል።

ዓዲ ሓቂ ያለ አንድ ክሊኒክ 400 ቅርንጫፍ የለውም። ብዙ ጊዜ አንድ ክፍል፣ አንድ ፍሪጅ፣ አንድ ደብተርና የዶክተሩ ስልክ ነው። ችግሩም እዚያው ስልክ ላይ ነው፤ የደንበኛው ቁጥር፣ የታመመችው ላም ፎቶ፣ ቴሌብሩ፣ የባንክ አፑ፣ የዶክተሩ ፈቃድ ፎቶ ሁሉ አንድ ላይ ታጭቋል። አንዱ ከተወሰደ ሁሉም ተወሰደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የመቐለ ነገር ትንሽ ይለያል። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ነው። ያኔ እኛ ጋ ኢንተርኔት ዝግ ነበር። ሌላው የአገሪቱ ክፍል ስለ ፒንና ስለ ማጭበርበሪያ ቀስ በቀስ ሲማር፣ እኛ ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ነው የተቀበልነው። ስለዚህ "ኮድ ለሰው አይሰጥም" የሚለውን ገና ያልሰሙ ትልልቅ ሰዎች አሉ ብል አልተሳሳትኩም።

እንበል አንድ ሰው የዶክተሩን ቴሌግራም ወሰደ። ቻቱን ወደ ላይ ያነባል። አንዲት እናት ትናንት ስለ ላማቸው ጡት እብጠት እንደጻፉ ያያል። ከዚያ "አደይ፣ መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ መጥቷል፤ ዛሬ ካልተወሰደ ያልቃል፣ ግማሹን በዚህ ቁጥር ላኩልኝ" ብሎ ይጽፋል። መልእክቱ የመጣው ከዶክተሩ አካውንት ነው፣ ላሟም በእርግጥ ታማለች። ምን ብለው ይጠርጥሩ? ብሩም ይሄዳል፣ ላሟም ሳትታከም ትውላለች።

አካውንቱ የሚወሰደው ብዙ ጊዜ በረቀቀ ነገር አይደለም። "በስህተት ኮድ ወደ አንተ ልኬ ነበር" የሚል መልእክት፣ "ሽልማት ደርሶሃል" የሚል ሊንክ፣ ወይም "ይሄን ቁጥር ደውል" የሚል ጥሪ ይበቃል። የመጨረሻው ብዙ ሰው አያውቀውም፤ በ*21* ወይም በ**21* የሚጀምር ቁጥር ካስደወሏችሁ ጥሪያችሁን ወደ ራሳቸው ስልክ እያዞሩ ነው፣ በጥሪ የሚመጣው ኮድም ለእነሱ ይደርሳል። መዞሩን ለማየት *#21#፣ ለማጥፋት ##002# ደውሉ።

ክሊኒክ ያለው ሰው ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚችለው በጣም ጠቃሚ ነገር በነጻ ነው። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚለውን ማብራት። ኮዱ ቢወጣ እንኳ የይለፍ ቃሉን ሳያውቁ አይገቡም። እዚያው ዲቫይስስ የሚለውን ከፍቶ የማያውቀውን ስልክ ማስወጣት። ዋትስአፕም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። የባንክ አፑን ከሥራ ስልኩ አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ ማድረግ ከተቻለማ ግሩም ነው። ረዳት ሠራተኛ ከለቀቀ የይለፍ ቃል በዚያው ቀን ይቀየር፤ ሰውየውን ስለመጠርጠር አይደለም፣ ቁልፍ መመለስ ማለት ነው።

ሌላው ስርቆት የዶክተሩ የራሱ ማንነት ነው። የሙያ ፈቃድና የንግድ ፈቃድ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ማንም ፎቶ ያነሳዋል። ማህተምና የማዘዣ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ይተዋል። ኬታሚን የመሳሰሉ የእንስሳት ማደንዘዣዎች በዓለም ዙሪያ ለሱስ እንደሚፈለጉ ስታስቡ፣ በሐኪም ስም የተጻፈ የውሸት ማዘዣ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ይገባችኋል። ተጠያቂ ሆኖ የሚጠራው መጀመሪያ ስሙ ያለበት ሰው ነው። ማህተሙ ይቆለፍበት።

ፎቶ ኮፒ ቤት ደግሞ ማንም የማያስበው ቀዳዳ ነው። ፈቃድና ፋይዳ ስካን ለማድረግ በቴሌግራም እንልካለን፣ ወይም ፍላሽ እንሰካለን፣ ከፍለን እንወጣለን። ፋይሉ ግን ዴስክቶፑ ላይ፣ ከሌላ መቶ ሰው መታወቂያ ጋር ይቀራል። ከመውጣታችሁ በፊት "አጥፋልኝ" በሉ፣ ሪሳይክል ቢኑም ይጸዳ። ፍላሹ ይዞት የሚመለሰው ቫይረስ ሌላ ታሪክ ነው። ክሊኒኩም በበኩሉ ለላም ክትባት የደንበኛ ፋይዳ ፎቶ አያስፈልገውም፤ ያልሰበሰብከው አይሰረቅብህም።

ኮፒ መያዝን በተመለከተ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በጦርነቱ ጊዜ የትግራይ እንስሳት ጤና ተቋማት ሲዘረፉ ያየ ሰው፣ አንድ ቦታ ብቻ ያለ መዝገብ ምን እንደሚሆን ያውቃል። የደብተሩን ገጾች በየሳምንቱ ፎቶ አንስቶ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ቦታ ማስቀመጥ ይበቃል።

ሕጉስ? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የሚይዝ አካል መረጃው ሲሾልክበት በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያዛል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ የሌላን ሰው የኤሌክትሮኒክ ማንነት መስረቅን እስከ 5 ዓመት እስራት ሊያስቀጣ የሚችል ወንጀል አድርጎታል። ሕጉ ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። የአንድ ክፍል ክሊኒክ ባለቤት ግን ስለ 72 ሰዓቱ ማን ነገረው?

ስልኩ ከጠፋ ወይም አካውንቱ ከተወሰደ የመጀመሪያዋ ሰዓት ወሳኝ ናት። ሲሙን በ994፣ ቴሌብሩን በ127 አዘጉ፣ ባንካችሁ ጋ ደውሉ፣ የሳይበር ጥቃቱን ለኢንሳ በ933 አሳውቁ፣ ፖሊስ ጋ አስመዝግቡ። ከዚያ ደብተሩን አውጥታችሁ ለደንበኞች በሌላ ስልክ አንድ በአንድ ደውሉ፤ መጀመሪያ ላሟ ለታመመችባቸው።